ሎቤዱ ከመድረሱ በፊት

በዋግ ልጃገረዶች ለሻደይ በወገባቸው የሚያስሩትን ሣር የሚያጭዱት በዓሉ ሊገባ አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። በእኛ መንደር ያ ሣር የሚገኘው ከሰፊው መስክ ግርጌ፣ ከምንጩ ዳር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ነሐሴ 14 ቀን ጠዋት፣ ስምንት ዘጠኝ የሚሆኑ ልጆች ማጭዳቸውን ይዘው ወረዱና መስኩ ጫፍ ላይ ቆመው ቀሩ። ከመንገዱ እስከ ምንጩ ድረስ ሁለት ቦይ ተተልትሏል። ጥልቀቱ ለልጆቹ ጉልበት ይደርሳል፤ ድፍርስ ውኃ ሞልቶበታል። በግራና በቀኙ ሣሩ ከነአፈሩ ተገልብጦ ነጭ ሥሩ ወጥቷል። ልጆቹ ጥቂት ተነጋገሩና ሣር ፍለጋ ወደ ማዶው ቀበሌ አቀኑ።

መስኩን እንዲያ ያደረግሁት እኔ ነኝ። 17 ዓመት በመንገድ ሥራ ኖሬያለሁ፤ መጀመሪያ ረዳት፣ በኋላ የዶዘር ኦፕሬተር ሆኜ። ከዚያ ጠዋት በፊት በነበረው ምሽት አንድ ጠጠር የጫነ ገልባጭ፣ ተለዋጭ መንገዱ ረዝሞበት በመስኩ ሊያቋርጥ ሲል እስከ አክስሉ ሰመጠ። ፎርማኑ «ቶሎ አውጣው፤ መሸብን» አለኝ። እኔም አላቅማማሁም። ዲ8 ዶዘሬን አስነሥቼ፣ በልጅነቴ ጥጃ የጠበቅሁበት መስክ ላይ ገባሁ። የብረት ገመዱን አሰርን። አንዴ ሳብኩ፣ ሁለቴ ሳብኩ፤ ሰንሰለቱ በቆመበት እየዞረ ሣሩን እንደ ቆዳ ገፈፈው። ገልባጩ ወጣ። ሁሉም ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። የሃያ ደቂቃውን ዕዳ መንደሩ እስከ ዛሬ እየከፈለው ነው።

አሁን ሥራውን ትቼ ወደ አገሬ ተመልሻለሁ። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ የበጋው መግባት ነው። ዝናቡ ካባራ ጀምሮ በዋግ መንገድ ይከፈታል፣ የመስኖ ቦይ ይቆፈራል፣ በጦርነቱ የፈረሰ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ይጠገናል። ሁሉም የሚያስፈልገን ነው። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ የሰቆጣን አቀበት የወጣ ሰው «ማሽን አይግባ» አይልም፤ እኔም አልልም። የምለው አንድ ነገር ነው። ማሽኑ በየት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚዞር፣ የት እንደሚያድር መወሰን ያለበት ማሽኑን የጫነው ሎቤድ መንደር ከመድረሱ በፊት ነው። ዶዘር ከሎቤድ ከወረደ በኋላ መስክ ያዳነ ሰው በ17 ዓመት ውስጥ አላየሁም። ፎርማኑ ቀን ይቆጥራል፤ ኦፕሬተሩ ሰዓት ይቆጥራል፤ የገልባጭ ሾፌሩ የሚከፈለው በቢያጆ ነው። በዚያ ሰዓት ስለ ሣር የሚያስብ ሰው ከሳይቱ ላይ የለም።

በዚያ ሥራ ፕላን ላይ መስካችን «ክፍት ቦታ» ተብሎ ነበር የተጻፈው። ቤት የለበትም፣ ሰብል የለበትም፣ ዛፍ የለበትም። ስለዚህ ካሳ አልታሰበለትም፤ ካሳ ስላልታሰበለትም የሚጠነቀቅለት አልተገኘም። የመንደሩ ሰው ግን ያን መስክ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ከብት አያስገባበትም። ጥብቅ ነው። ጠባቂ አለው፤ ጥሶ የገባ ከብት ባለቤቱን ያስቀጣል። ሣሩ ሲደርስ ለየቤቱ ተደልድሎ ይታጨዳል፤ ድርቆሹም በሬውን የበጋውን ወራት አሻግሮ ለእርሻ ያደርሰዋል። በዋግ ዋናው ዝናብ የሐምሌና የነሐሴ ነው። በሁለት ወር የበቀለ ሣር ለዓመቱ መብቃት አለበት። በሰሃላ፣ በዝቋላና በአበርገሌ በቅርቡ ድርቅ ከብቱን እንዴት እንዳደረገው ያየ ሰው፣ እንዲህ ያለውን ቦታ «ክፍት» ብሎ ለመጻፍ እጁ አይታዘዝለትም።

ሌላም አለ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ቃል ሲገባ፣ ቃሉ የተጠራው በከተማችን ስም ነው፤ የሰቆጣ ቃል ኪዳን። ያ ቃል ወተት ይፈልጋል። ወተት ላም ይፈልጋል፣ ላም ሣር ትፈልጋለች። ስለ ሕፃናት ምግብ በሚመከርበት ስብሰባ ላይ የመንገድ መሐንዲሱ አይጠራም፤ በመንገድ ሥራው ርክክብ ላይ ደግሞ የእንስሳት ባለሙያው አይጠራም። ሁለቱ ቢገናኙ ኖሮ ገልባጩ የትኛውን መስክ እንደሚያቋርጥ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ፣ ሥራው ወደ ሌላ ቦታ አልፎ፣ በፈቃድ ወደ ቤት መጣሁ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን አስጠሩኝ። አልተቆጡኝም። የጥጃ ማሰሪያ ችካላቸውን ይዘው መስኩ መካከል ወሰዱኝና «ልጄ፣ እስቲ ይችን ምታት» አሉኝ። ድንጋይ አነሣሁና ያልተነካው ሣር ላይ መታኋት፤ በአራት ምት እስከ አንገቷ ገባች። ነቀሏትና ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብለው ሰንሰለቱ ያለፈበት ቦታ ላይ አቆሟት። «አሁንስ?» አሉኝ። መታኋት፤ ነጠረች። ደጋግሜ መታኋት፤ ጫፏ ተሰነጠቀ እንጂ አንድ ጣት እንኳ አልገባችም። ሽማግሌው ችካሏን ከመሬት አንሥተው አገላብጠው አዩዋትና፣ «የሣር ሥር ከዚህች ይበረታል ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

ነገሩን መጠየቅ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። የአፈር ባለሙያም፣ የሳይት መሐንዲስም፣ የላቦራቶሪ ሰውም ያገኘሁትን ሁሉ ጠይቄያለሁ። ጤነኛ አፈር ግማሽ ያህሉ ባዶ ነው። በዚያ ባዶ ውስጥ ውኃና አየር ይመላለሳሉ፤ ሥርም መንገዱን ያገኛል። ከባድ ነገር ሲያልፍበት መጀመሪያ የሚደፈኑት ትልልቆቹ ቀዳዳዎች ናቸው፤ ዝናብ ወደ ታች የሚሰርገው ደግሞ በእነሱ ነው። ደረቅ አፈር ይቋቋማል። የራሰ አፈር እንደ ሊጥ ነው፤ የተጫኑትን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ኦፕሬተሩ «ኧረ አንዴ ነው ያለፍኩት» ይላል፤ እኔም ብዬ አውቃለሁ። ከጉዳቱ ትልቁ የሚደርሰው ግን በዚያችው በመጀመሪያዋ ማለፍ ነው። ስለዚህ አሥር ጊዜ ማለፍ ግድ ከሆነ አሥሩንም በአንድ ዱካ ላይ ማለፍ ነው የሚሻለው። እኛ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ አንዱ ዱካ ሲጨቀይ በጎኑ ሌላ እንከፍታለን፣ እሱም ሲጨቀይ ሌላ፤ በሳምንቱ መስኩ ዳር እስከ ዳር የተረገጠ ይሆናል።

ስለ ክብደቱ ፎርማኖች የሚያነሡት ክርክር አለ፤ መልስ ስለሚያስፈልገው ልንገራችሁ። የእኛ አገር በሬ 300 ኪሎ ቢመዝን ነው። ዲ8 ዶዘር ከ35 ቶን በላይ ነው፤ ከመቶ በሬ ይበልጣል። «ግን» ይላሉ፣ «ሰንሰለቱ ሰፊ ስለሆነ በአንዲት መዳፍ ቦታ ላይ የሚያርፈው ክብደት ከበሬ ኮቴ ያንሳል»። ልክ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጫናው ምን ያህል ወደ ታች እንደሚወርድ የሚወስነው አጠቃላይ ክብደቱ ነው። የበሬ ኮቴ የሚጎዳው የላይኛውን አንድ ስንዝር ነው፤ እሱን ማረሻም ምስጥም ትልም ያላሉታል። የማሽኑ ጫና ማረሻ ከማይደርስበት ይገባል። ገልባጩ ደግሞ ይብሳል። የቤት መኪና ጎማ 30 ፒኤስአይ ገደማ ሲነፋ፣ የገልባጭ ጎማ ከ100 ያልፋል፤ አፈሩ ላይ የሚያርፈውም በዚያው ልክ ነው። ከስዊድን ተጀምሮ በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በተካሄዱ ሙከራዎች፣ በአንድ አክስል 10 ቶን የተጫነ ተሽከርካሪ ያለፈበት መሬት ከ40 ሴንቲ ሜትር በታች እንደጠነከረ ለብዙ ዓመታት ቆይቷል፤ ያም የክረምቱ ውርጭ አፈሩን እያነሣ እያላላው በሚኖርበት አገር ነው።

እኛ ያን የሚያህል ውርጭ የለንም። ዋልካ አፈር በበጋ ሲሰነጠቅ ራሱን በራሱ ያላላል፤ ዋልካ ያለበት መንደር በመጠኑ ዕድለኛ ነው። በሰቆጣ ዙሪያ ባሉት ተዳፋቶች ላይ ያለው ስስ አፈር ግን ከሥሩ ድንጋይ ነው፤ ማምለጫ የለውም። ጎማ የቀደደው ቦይ ቁልቁል የዞረ እንደሆነ የሚቀጥለው ክረምት ጎርፍ መንገዱን ያገኛል። ከምንጩ በላይ የነበረው ዱካ በሁለት ክረምት ቦረቦር ሆነ። ባለፈው ዓመት አንድ ጥጃ ገብቶበት በገመድ ነው ያወጣነው። ይህ የሚያንገበግበኝ በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ሕዝቡ በነፃ ጉልበቱ ተራራ ላይ ወጥቶ እርከን ሲሠራ ስለማይ ነው። እናቶች ድንጋይ በጀርባቸው ይሸከማሉ። አንዲት ጠብታ ውኃ ወደ መሬት እንድትገባ ይህን ያህል ይለፋል፤ ከዚያው ተራራ ሥር መሬቱ እንደ አስፋልት ተጠቅጥቆ ውኃው ሲያመልጥ የሚቆጣ የለም።

ባለፈው ጊዜ ለሕክምና አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። በኮሪደር ልማቱ ዳር አዲስ የተተከለው ሣር ላይ «መርገጥ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ አለ። አንድ ሕፃን እግሩን ሲያሳርፍ ጥበቃው ጠራው። መጠበቁ ደስ ብሎኛል፤ የተለፋበት ነገር ነው። ያ ሣር ለዓይን ነው፤ የእኛ ሣር ጉሮሯችን ነው። ለሕፃን እግር ሰሌዳ ከተተከለ ለ35 ቶን ማሽንም ይተከል እላለሁ።

ሣር መጠበቅ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። በመንዝ የጓሳ ሣር በሕዝቡ በራሱ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠበቅ ኖሯል፤ በየአገሩም ጥብቅ፣ ክልክል፣ ከንክኪ ነፃ እየተባለ የተያዘ ስንት መስክ አለ። ችግሩ ደንባችን የተጻፈው ለበሬ መሆኑ ነው። የእኔ መንደር ደንብ በሬ ቢገባ፣ አህያ ቢገባ፣ ሌሊት የሚያጭድ ቢገኝ እያለ ይዘረዝራል፤ ስለ ማሽን አንድ መስመር አልነበረውም። ያን ምሽት ጠባቂው ዱላውን ይዞ ከዶዘሬ ፊት ቆሞ ነበር። ምን ብሎ እንደሚያስቆመኝ ግን አላወቀም፤ መብራቱ ዓይኑን ሲወጋው ወደ ጎን ፈቀቅ አለልኝ።

ሕጉ ከጠባቂው ጎን ነው፤ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት የሚለቀቅበትንና ካሳ የሚከፈልበትን ሁኔታ የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የወል ይዞታን አይረሳም፤ ካሳው ሕዝቡ ከመሬቱ ያገኝ በነበረው ጥቅም ላይ ተመሥርቶ እንዲተመን ያዛል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 299/1995ም ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። እንግዲህ መስክን «ክፍት ቦታ» ብሎ ማለፍ የልማድ ጉዳይ እንጂ የሕግ አይደለም። ቀበሌው ማድረግ ያለበት ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት መስኩን ማስለካት፣ በስልክም ቢሆን ፎቶ ማንሣት፣ ከዚህ ወዲያ አይታለፍም የሚለውን መስመር በኖራ አስምሮ ከተቋራጩና ከአማካሪ መሐንዲሱ ጋር በቃለ ጉባኤ መፈራረም ነው። ወረቀቱ ላይ ፊርማ ካለ ጠባቂው በዱላ ፈንታ ወረቀቱን ይዞ ይቆማል።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ከተቋራጩ ክፍያ ላይ ለጉድለት ማረሚያ ተብሎ የሚያዝ መያዣ ገንዘብ አለ፤ የሚለቀቀው ሥራው ካለቀ በኋላ አስፋልቱ ተሰነጠቀ ወይ፣ ድልድዩ ዘመመ ወይ ተብሎ ታይቶ ነው። መስኩም አብሮ ይታይ። የተጠቀጠቀ መሬት ጉዳቱ በርክክቡ ቀን አይታይም፤ በግሬደር ተስተካክሎ፣ አቧራ ለብሶ፣ ደህና መስሎ ይቆያል። ጉዳቱ የሚታየው አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ውኃ የት እንደተኛ፣ ሣር የት እንዳልበቀለ ሲታይ ነው። ስለዚህ ያ ገንዘብ ከአንድ ነሐሴ በፊት አይለቀቅ። ይህን የሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች በመለካት ቢያግዙ፣ ተቋራጩም ቀበሌውም በግምት አይጨቃጨቁም ነበር።

ማሽኑን ለሚነዱ ወንድሞቼ የምለው ሌላ ነው፤ የምታውቁትን ነው የምነግራችሁ። በሐምሌና በነሐሴ መስክ ላይ አትግቡ። በሌላ ጊዜም ዝናብ ከጣለ፣ ከማሽን ውረዱና ከመዳፍ ጥልቀት አፈር ቆንጥራችሁ በእጃችሁ መካከል አሽሹት። እንደ ገመድ እየቀጠነ ከተጠቀለለ አፈሩ ገና ነው፤ እየተፈረፈረ ከተበተነ ግቡ። የላቦራቶሪ ሰዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፣ መሣሪያ አያስፈልገውም። ማለፍ ግድ በሆነበት ቦታ ጭድ አንጥፉና ላዩን የባሕር ዛፍ ግንድ ጎን ለጎን ረብርቡበት፤ ሥራው ሲያልቅ ግንዱ ይነሣል፣ ሌላ ቦታም ያገለግላል። በሠለጠኑት አገሮች ስታዲየም ውስጥ ኮንሰርት ሲዘጋጅ ሣሩ ላይ የሚነጠፈው የፕላስቲክ ወለልና ክሬን የሚያልፍበት የእንጨት ምንጣፍ ከዚህ የተለየ ጥበብ የለውም። መቆፈር ካለባችሁ ሣሩን ከነሥሩ እንደ እንጀራ ቆርጣችሁ ጥላ ላይ አስቀምጡት፣ ውኃ አርከፍክፉበት። ጥቁሩን የላይ አፈር ከታችኛው ነጭ አፈር ጋር አትቀላቅሉት፤ ሲመለስ በየቦታው ይመለስ። በሰንሰለት ከቆማችሁበት አትዙሩ፣ ሰፋ አድርጋችሁ ዙሩ። የተቃጠለ ዘይት የምትቀይሩትም መስክ ላይ አይሁን፤ ዘይት የፈሰሰበት ቦታ ለዓመታት አረንጓዴ ነገር እንደማያወጣ ታውቃላችሁ። ፎርማኑ «ግባ» ሲል ዝም ብላችሁ አትግቡ። እኔ ዝም ብዬ ገብቼ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። «እስኪ ጠዋት ይሁን» ማለት ይቻል ነበር፤ ገልባጩ አንድ ሌሊት ጭቃ ውስጥ ቢያድር የሚሞት ሰው አልነበረም።

መስኩን ለመመለስ ሥራ ከጀመርን ሦስተኛ ክረምት አልፎናል። በጥር፣ አፈሩ ደርቆ ሳለ፣ የመንደሩ ጎልማሶችና እኔ ዱካውን በዲጅኖና በዶማ ከፈትነው። ማረሻ ከላይ ይፋቃል እንጂ አይገባም፤ ሞክረነዋል። በቀን አሥር እርምጃ ብንሄድ ነው። የበግና የፍየል ፍግ ጨመርንበት፤ ከመስኩ ዳር የሰርዶ ሐረግ እየቆረጥን ተከልንበት፤ ዙሪያውን በእሾህ አጠርነው። የመጀመሪያው ዓመት የበቀለው አረም ብቻ ነበር። በሁለተኛው ሰርዶው ከዳርና ከዳር መዘርጋት ጀመረ። ቦረቦሩን በድንጋይ ክትር አቁመነዋል፤ ምንጩም ጠርቷል። የሻደይ ሣር ግን ወደ ቀድሞ ቦታው አልተመለሰም፤ ልጆቹ አሁንም የሚያጭዱት ከማዶው ነው።

በቅርቡ ሽማግሌው እንደገና አስጠሩኝ። ችካሏ ያችው ናት፤ የተሰነጠቀው ጫፏ እንደገና ተቀርጿል። ዱካው ላይ፣ ሰርዶው መካከል አቆሟትና ድንጋዩን ራሳቸው አቀበሉኝ። በአሥራ አንድ ምት እስከ ግማሿ ገባች፤ ከዚያ ወዲያ እምቢ አለች። እጃቸውን አኑረው ነቀነቋት፤ ወዛወዟት። «ገና ናት» አሉ። ከዚያም ነቅለዋት፣ ጥጃቸውን በገመዱ እየሳቡ ወደ መስኩ ሌላ ዳር ወሰዱት።